የእርስ በርስ መረዳጃ ቡድንና የባለሙያው ድርሻ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



የአእምሮ ጤና ባለሙያ በየዕለቱ ከሚያገኛቸው ሰዎች መካከል ችግራቸው በአንድ የበሽታ ስም ተጠቃልሎ የማያልቅ አሉ። ኀዘናቸው ሳይታሰብ የሚያይል፣ ቁጣቸው ቶሎ የሚነድ፣ የሚወዱት ሰው ጥቂት ሲዘገይባቸው የተጣሉ የሚመስላቸው፣ የውስጥ ሥቃያቸው ከአቅም በላይ ሲሆንም ገላቸውን እስከ መጉዳት የሚደርሱ ጐልማሶች ናቸው። ከእነዚህም ብዙዎቹ በልጅነታቸው ግፍ ወይም ቸልታ የደረሰባቸው ናቸው። ሥራ ይሠራሉ፤ ልጅ ያሳድጋሉ፤ ጐረቤት ይጠይቃሉ። ነገር ግን ከሰው ጋር መኖርም ከሰው ተለይቶ መኖርም እኩል ይከብዳቸዋል።

የዚህ ንግግር ርእስ እነዚህ ሰዎች በየሠፈራቸው ተሰባስበው እርስ በርሳቸው የሚረዳዱባቸው ቡድኖች ናቸው። የሚነሣውም ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም በእንዲህ ያለው ቡድን ውስጥ የባለሙያው ቦታ የት ነው የሚል ነው። በንግግሩ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሞ ማስታወስ ያሻል።

በመጀመሪያ ስለ ስማቸው ጥቂት መናገር ይገባል። እነዚህ ሰዎች ለረጅም ጊዜ የኖሩት «የስብዕና መዛባት አለባቸው» እየተባለ ነው። ይህ ስም ከሕክምና ቃልነቱ ይልቅ የፍርድ ቃልነቱ ያመዘነበት ጊዜ ብዙ ነው። በ2003 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር የወጣ አንድ የመንግሥት መመሪያ፣ ይህ ስያሜ ከእንግዲህ ወዲህ ሰውን ከአገልግሎት ማስወጫ እንዳይሆን በርእሱ ላይ ሳይቀር ማወጁ፣ ከዚያ በፊት ስንቱ ከደጅ ይመለስ እንደነበረ ያስረዳል። «ውስብስብ የስሜት ፍላጎት» የሚለው አጠራር በዚያው አገር እየተለመደ የመጣው ከተገልጋዮች ብዙዎቹ አሮጌውን ስም በመቃወማቸው ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም ከ2022 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው 11ኛው የበሽታዎች ምደባ የቀድሞዎቹን የስብዕና መዛባት ዓይነቶች አስቀርቶ የችግሩን ክብደት መለኪያ አድርጓል። ይሁን እንጂ የስም መለወጥ ብቻውን ከደጅ የተመለሰውን ሰው ወደ ቤት አያስገባም።

አንድ ሳምንት 168 ሰዓት አለው። ታካሚው ዕድለኛ ሆኖ በየሳምንቱ አንድ ሰዓት ከባለሙያ ጋር ቢነጋገር እንኳ 167ቱን ሰዓት የሚያሳልፈው ከራሱ፣ ከቤተሰቡና ከጐረቤቱ ጋር ነው። የስሜት ማዕበል የሚነሣውም በአብዛኛው በእነዚህ ሰዓቶች ውስጥ ነው። በዚህን ጊዜ ሰው የሚሻው ምክር ብቻ አይደለም፤ «ይህ በእኔም ላይ ደርሷል፤ አልፏልም» የሚል ምስክር ጭምር ነው። ባለሙያው የቱንም ያህል ቢማር ይህን ቃል ከልምድ ካልተናገረው በስተቀር ሊያበድረው አይችልም። የመረዳጃ ቡድን ጥቅም የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

ለዚህም ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው በአሜሪካ አገር በቺካጎ ከተማ በ1937 ዓ.ም. የተቋቋመው «ሪከቨሪ» የተባለው ማኅበር ነው። መሥራቹ አብርሃም ሎው የተባሉ የሥነ አእምሮ ሐኪም ሲሆኑ፣ የመጀመሪያዎቹ አባላት በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የሥነ አእምሮ ተቋም ታክመው የወጡ ሰዎች ነበሩ። የስብሰባው ሥርዐት ቀላልና ጥብቅ ነው። ተናጋሪው ከሕይወቱ ታላቁን መከራ እንዲያወጣ አይጠየቅም፤ በሳምንቱ ውስጥ የገጠመውን አንድ ትንሽ ነገር፣ ለምሳሌ የባልደረባውን ሰላምታ መንፈግ ወይም የአውቶቡስ መዘግየት፣ በአራት ደረጃ ይናገራል። አንደኛ፣ የሆነውን ነገር ይተርካል፤ ሁለተኛ፣ በገላውና በሐሳቡ የተሰማውን ይገልጻል፤ ሦስተኛ፣ ከማኅበሩ የተማረውን ዘዴ እንዴት እንደ ተጠቀመበት ያስረዳል፤ አራተኛ፣ ዘዴውን ባያውቅ ኖሮ ቀድሞ ምን ያደርግ እንደነበረ ያነጻጽራል። ከዚያም ስለ ውጤቱ ሳይሆን ስለ ጥረቱ ራሱን ያመሰግናል። በአነስተኛው ነገር የሠለጠነ ሰው ትልቁ ሲመጣ እንደማይበረግግ ዶክተር ሎው ያምኑ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ግን በ1952 ዓ.ም. የሆነው ነው። በዚያ ዓመት ዶክተር ሎው የማኅበሩን አመራር ለአባላቱ አስረከቡ። ከሁለት ዓመት በኋላም አረፉ፤ ማኅበሩ ግን ከእርሳቸው ጋር አልተቀበረም። ስብሰባዎቹ ከአባላቱ መካከል በሠለጠኑ ሰዎች እየተመሩ ቀጠሉ። ሐኪሙ ዘዴውን ሰጡ፤ ወንበሩን ደግሞ በጊዜው ለቀቁ። ሁለተኛው ከፊተኛው የሚያንስ ሥራ አይደለም።

በረጂና በተረጂ መካከል የተሠመረው መሥመር የሚታሰበውን ያህል ጽኑ አለመሆኑንም የሚያሳይ ሌላ ታሪክ አለ። ለከባድ የስሜት መናወጥ «ዳያሌክቲካል ቢሄቪየር ቴራፒ» የተባለውን ሕክምና ያፈለቁት አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ሊቅ ማርሻ ሊንሃን፣ በወጣትነታቸው በ1961 ዓ.ም. ገብተው በታከሙበት በሐርትፎርድ ከተማ ሆስፒታል ቆመው፣ ራሳቸው ታካሚ እንደነበሩ በአደባባይ የተናገሩት በ2011 ዓ.ም. ነው። ዘመን የጠቀመው ሕክምና ምንጩ መጽሐፍ ብቻ ሳይሆን የታለፈ ሥቃይም ጭምር ነበር ማለት ነው።

ከአፍሪካም የሚጠቀስ አለ። በዚምባብዌ ርእሰ ከተማ በሐራሬ፣ ምባሬ በተባለው ሠፈር፣ በ2006 ዓ.ም. 14 አረጋውያት እናቶች ሠልጥነው በጤና ጣቢያ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ የተጨነቁ ሰዎችን ማነጋገር ጀመሩ። በ24 ጤና ጣቢያዎች በ573 ሰዎች ላይ የተደረገውና በ2016 ዓ.ም. የታተመው ጥናት እንዳመለከተው፣ ከስድስት ወር በኋላ የድብርት ምልክት የቀረባቸው በተለመደው አገልግሎት ከተረዱት መካከል ከመቶ 50 ያህሉ ሲሆኑ፣ በእናቶቹ ከተረዱት መካከል ግን ከመቶ 14 ያህሉ ብቻ ነበሩ። ይህ ጥናት የተደረገው ከድብርትና ከጭንቀት ጋር ለተያያዙ ችግሮች ስለሆነ ለውስብስቡ የስሜት ችግር እንዳለ ሊወሰድ አይገባውም። ለዚህ ንግግር የሚጠቅመው ከአግዳሚው ወንበር በኋላ የሚመጣው ነው። ተረጂዎቹ ሲነሡ «ኩባታና ቶሴ»፣ ማለትም «እጅ ለእጅ መያያዝ»፣ ወደ ተባለው የራሳቸው ቡድን ይጋበዛሉ። በዚያም ከተጣለ ፕላስቲክ ቦርሳ እየሠሩ ይጨዋወታሉ። እጅ ሥራ ሲይዝ ምላስ ይፈታል፤ ሰውም ዓይን ለዓይን ሳይፋጠጥ ሆዱ ያለውን ለመናገር ይቀለዋል።

ለኢትዮጵያ ሰው የመሰባሰብ ጥበብ እንግዳ አይደለም። ዕድሩ ኀዘንተኛን ብቻውን አይተውም። የጽዋ ማኅበሩ በየወሩ ከቤት ወደ ቤት እየተዘዋወረ፣ ሙሴውን ከአባላቱ መካከል መርጦ ይኖራል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለውም በከንቱ አይደለም። ነገር ግን በዕድርና በማኅበር ሁሉም ሁሉን ያውቃል። ሞት የተደበቀ ነገር ስላልሆነ በአደባባይ ይለቀሳል፤ የልጅነት ግፍና ራስን የመጉዳት ሐሳብ ግን ከቡና ላይ ወሬ ከገባ ተናጋሪውን ዳግመኛ ያቆስለዋል። ስለዚህ የመረዳጃው ቡድን የተራ አስተናጋጅነትን ከጽዋ ማኅበር፣ ፈጥኖ መድረስን ከዕድር ሲወርስ፣ ምሥጢር መጠበቅን ግን አዲስ ሕግ አድርጎ ሊጨምር ይገባዋል።

ጥንቃቄ የሚያሻባቸው ነጥቦችም በግልጽ ይነገሩ። በመጀመሪያ ደረጃ፣ የምሥጢር ሕግ አንድ ልዩ ሁኔታ አለው፤ ይኸውም የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ሲወድቅ ነው። ይህም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ለሁሉም ይነገር። በሁለተኛ ደረጃ፣ አንድ አባል በሌሊት ቢጨነቅ ለማን እንደሚደወልና ወደየትኛው ጤና ጣቢያ እንደሚወሰድ አስቀድሞ ይወሰን፤ ቡድኑ ይህን ሸክም ብቻውን ሊሸከም አይገባውም። በሦስተኛ ደረጃ፣ አባላት የተሰማቸውን ሥቃይ ሁሉ ይናገሩ፤ ራስን የመጉዳት አደራረግ ግን በዝርዝር አይተረክ፤ ሰሚውም ቁስለኛ ነውና። በአራተኛ ደረጃ፣ አወያዮች ሁለት ሁለት ሆነው በተራ ይሥሩ፤ እነርሱም የሚያርፉበትና የሚያማክሩት ሰው ይኑራቸው። በአምስተኛ ደረጃ፣ መተውን እጅግ ለሚፈሩ ሰዎች መለያየት ቀላል ነገር ስላልሆነ፣ አንድ አወያይ ሲለቅ ወይም ስብሰባው ለጊዜው ሲቋረጥ ከሳምንታት በፊት ይነገራቸው፤ ስንብቱም ሥርዐት ይኑረው።

ከዚህም ሌላ የተስፋው መጠን ይለካ። በከባድ የአእምሮ ሕመም ላይ የተደረጉ 18 ጥናቶችን አሰባስቦ በ2014 ዓ.ም. የታተመ ምርመራ፣ የአቻ ድጋፍ ወደ ሆስፒታል መግባትን ለመቀነሱ በቂ ማስረጃ አላገኘም፤ በተስፋና በራስ መተማመን ረገድ ግን አንዳንድ መልካም ምልክት አይቷል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ቡድኑ የሕክምና ተጨማሪ እንጂ ምትክ አይደለም። ባጀት ያነሰው መሥሪያ ቤት «ቡድን አላችሁ» ብሎ ታካሚውን ካሰናበተ፣ አሮጌው ደጅ በአዲስ ስም ተዘጋ ማለት ነው።

እንግዲህ የባለሙያው ቦታ የት ነው? ባለሙያው ክፍል ያፈላልግ፤ ሰዎችን ያስተዋውቅ፤ ስለ ሕመሙ ሲጠየቅ ያስረዳ፤ የጀመረውን ሕክምና አያቋርጥ፤ በአደጋ ጊዜ ፈጥኖ ይድረስ። በአንጻሩ ካልተጋበዘ በስተቀር በስብሰባው አይቀመጥ፤ ማን መጣ ማን ቀረ ብሎ አይቈጣጠር፤ በቡድኑ የተነገረውንም በታካሚው መዝገብ ላይ አያስፍር። ቡድኑ በጥቂቱ ቢሳሳት ለማረም አይቸኩል፤ ራሱን ማረም የተማረ ቡድን ብዙ ዘመን ይኖራልና።

ዕድሜውን ሁሉ ሲታዘዝ፣ ሲመረመርና ሲመዘን ለኖረ ሰው፣ አንድ ቀን ወንበር ደርድሮ «እንኳን ደህና መጣህ» የሚል እርሱ ራሱ መሆኑ ከመድኃኒት የማይገኝ ክብር ነው። ባለሙያው ይህን ክብር ሊሰጠው አይችልም፤ እንዳይነጥቀው ግን መጠንቀቅ ይችላል።