በሆስፒታል የድንገተኛ ሕክምና ክፍል የሚታየው ወረፋና መነሻው



በአንድ ትልቅ ሆስፒታል የድንገተኛ ሕክምና ክፍል ሌሊት የገባ ሰው የሚመለከተው ትርኢት ከአገር አገር እምብዛም አይለያይም። ቃሬዛዎች በኮሪደሩ ግራና ቀኝ ተደርድረዋል፤ አስታማሚው የጉሉኮሱን ከረጢት በእጁ ከፍ አድርጎ ይዞ ከራስጌ ቆሟል፤ ተረኛው ሐኪም ከአንዱ ወደ ሌላው ይሮጣል፤ ነርሷ ባዶ አልጋ ፍለጋ በየክፍሉ ስልክ ትደውላለች። ይህን ያየ ሁሉ አስቀድሞ የሚሰጠው ፍርድ «ሐኪም አነሰ፤ ክፍሉ ጠበበ፤ ሰው በዛ» የሚል ነው። ፍርዱ ፈጽሞ ሐሰት ነው አይባልም። ይሁን እንጂ ባለፉት ሠላሳ ዓመታት ገደማ በልዩ ልዩ አገሮች የተካሄደው ምርምር የወረፋውን መነሻ ሲከታተል፥ አዘውትሮ የደረሰው ከድንገተኛው ክፍል ደጃፍ ሳይሆን ፎቅ ላይ ካሉት የተኝቶ ሕክምና ክፍሎች ዘንድ ነው። የዚህ ንግግር ዓላማ ይህ እንዴት እንደ ሆነ ማስረዳት ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ ለመሐንዲስ እንግዳ አይደለም። የወረፋ ሒሳብ የተወለደው በስልክ ቤት ነው። የኮፐንሃገን ስልክ ኩባንያ ባልደረባ የነበረው ዴንማርካዊው አግነር ክራሩፕ ኤርላንግ በ1909 እና በ1917 ባወጣቸው ጽሑፎች፥ ደዋዮች ባልታወቀ ጊዜ በሚደውሉበት ማዞሪያ ምን ያህል መስመር ቢዘረጋ ስንቱ ደዋይ ሳይስተናገድ እንደሚቀር በቀመር አሳየ። በ1961 ደግሞ አሜሪካዊው ጆን ሊትል እጅግ ቀላል የሚመስል ሕግ በማስረጃ አጸና። ሕጉ በአንድ ስፍራ የሚገኘው አማካይ የሰው ብዛት፥ በሰዓት የሚገባው ሰው በየሰዉ የቆይታ ጊዜ ሲባዛ ከሚገኘው ቁጥር ጋር እኩል ነው ይላል። ለምሳሌ ያህል በሰዓት 6 በሽተኞች ቢገቡና እያንዳንዱ በአማካይ 4 ሰዓት ቢቆይ፥ በክፍሉ ውስጥ በአማካይ 24 ሰዎች ይገኛሉ። የሚገባው ሰው በአንድ እንኳ ሳይጨምር ቆይታው ወደ 10 ሰዓት ቢረዝም ቁጥሩ 60 ይሆናል። 24 ቃሬዛ ላለው ክፍል ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ መገመት አያዳግትም። «ሰው በዛ» የሚባለው አቤቱታ ብዙ ጊዜ «ሰው ቆየ» ተብሎ መተርጐም ያለበት ስለዚህ ነው።

ወደ ደጃፉ እንመለስና፥ በምርምር ጥቅሙ ጎልቶ የታወቀው የመጀመሪያው ዘዴ ሕሙማንን እንደ ሕመማቸው ክብደት መለየት፥ በሐኪሞች አጠራር ትሪያጅ የሚባለው ነው። ሐሳቡ ከጦር ሜዳ የመጣ ሲሆን፥ የናፖሊዮን ሠራዊት ሐኪም የነበረው ዶሚኒክ ዣን ላሬ ቁስለኞችን በማዕረጋቸው ሳይሆን በቁስላቸው ክብደት ቅደም ተከተል ያክም እንደ ነበር ይነገርለታል። የዛሬው አሠራር ግን በልምድ ዓይን ብቻ የሚመራ አይደለም። በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀው መለኪያ፥ ለምሳሌ፥ የትንፋሽን ብዛት፥ የልብ ምትን፥ የደም ግፊትን፥ የሰውነት ሙቀትን፥ ንቃትንና መራመድ መቻልን በነጥብ ለክቶ በሽተኛውን በቀለም ይመድባል። ለዚህ የሚያስፈልገው መሣሪያ የእጅ ሰዓት፥ ቴርሞሜትርና የደም ግፊት መለኪያ ነው፤ ሥራውንም የሠለጠነች ነርስ በጥቂት ደቂቃ ትፈጽመዋለች።

በጥቂት ገንዘብ ምን ያህል ሕይወት ማትረፍ እንደሚቻል ከታየባቸው ቦታዎች አንዱ ማላዊ ነው። በብላንታየር ከተማ በሚገኘው በንግሥት ኤልሳቤጥ ሆስፒታል የታመሙ ሕፃናት ከሌላው ተመላላሽ በሽተኛ ጋር ተደባልቀው ተራ ይጠብቁ ነበር። በሆስፒታል ከሚሞቱ ሕፃናት ብዙዎቹ የሚሞቱት በገቡ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓቶች ውስጥ በመሆኑ፥ ተራ ሲጠበቅ የሚያልፈው ሰዓት ለእነርሱ የመጨረሻው ሰዓት ሊሆን ይችላል። ሐኪሞቹ የክፍሉን አቀማመጥ ለወጡ፤ የሕፃናቱን መግቢያ ለይተው ሠራተኛው እጅግ የታመመውን ከበር ጀምሮ እንዲያውቅ አሠለጠኑ፤ የድንገተኛውንና የተኝቶ ሕክምናውን ክፍል ሥራም አቀናጁ። በ2006 በዓለም የጤና ድርጅት መጽሔት የታተመው ጥናታቸው እንደሚያስረዳው፥ ተኝተው ከሚታከሙት ሕፃናት መካከል የሚሞቱት ቀድሞ ከ100 ከ10 እስከ 18 ያህል የነበሩት ከለውጡ በኋላ ወደ 6 እና 8 ወረዱ። በአመዛኙ የግድግዳ፥ የበርና የሥራ ቅደም ተከተል ለውጥ ያስገኘው ውጤት በመሆኑ፥ ሆስፒታል የሚነድፍ አርኪቴክትና መሐንዲስ ሁሉ ሊያነበው የሚገባ ጥናት ነው።

ሆኖም ትሪያጅ ሊሠራው የማይችለው ነገር አለ። ሌናርድ ክላይንሮክ በ1965 እንዳሳየው፥ አገልጋዩ ሥራ ሳይፈታ የተራው ቅደም ተከተል ብቻ ቢለወጥ፥ እንደየአገልግሎቱ ርዝመት የተመዘነው የጥበቃ ድምር አይለወጥም። አንዱ የቀደመበት ጊዜ ከሌላው ጊዜ ላይ የተወሰደ ነው። ትሪያጅ ጥበቃውን ሊሸከም ወደሚችለው ትከሻ ያዛውራል፤ ጥበቃውን ግን አይቀንስም። ይህ ባለመታወቁ ጥሩ ትሪያጅ ያቋቋሙ ሆስፒታሎች ኮሪደራቸው እንደ ተጨናነቀ ሲቀር ዘዴው ከሸፈ ተብሎ ይወቀሳል። ወቀሳው ተገቢ አይደለም።

ጥበቃውን የሚወልደው ምንድን ነው? አንድ የአልትራሳውንድ መሣሪያ ለአንድ በሽተኛ በአማካይ 10 ደቂቃ ይፈጃል እንበል። የበሽተኞቹም አመጣጥ የምርመራውም ርዝመት በአጋጣሚ የሚለዋወጥ ቢሆን፥ መሣሪያው ከጊዜው 80 በመቶ ሲሠራ አማካይ ጥበቃው 40 ደቂቃ ይሆናል። 90 በመቶ ሲሠራ 90 ደቂቃ፥ 95 በመቶ ሲሠራ 190 ደቂቃ ይደርሳል። ከ90 ወደ 95 የተደረገችው ትንሽ ጭማሪ ጥበቃውን ከእጥፍ በላይ አደረገችው። ባዶ አልጋ ለሒሳብ ሹም ብክነት መስሎ ይታየዋል፤ ለድንገተኛ ክፍል ግን እንደ እሳት አደጋ መኪና ነው። የእሳት አደጋ መኪና ቆሞ ዋለ ብሎ የሚሸጠው የለም።

በብሪታንያ ባገስት፥ ፕሌስና ፖስኔት የተባሉ ተመራማሪዎች የአንድን ሆስፒታል አልጋዎች በኮምፒዩተር አምሳል ሠርተው ይህንኑ መረመሩ። በ1999 ባወጡት ጽሑፍ እንደ ገለጹት፥ አማካይ የአልጋ መያዝ ከ85 በመቶ ሲያልፍ አደጋው መታየት ይጀምራል፤ 90 በመቶና ከዚያ በላይ ሲሆን ሆስፒታሉ በየጊዜው የአልጋ እጦት ያጋጥመዋል። ከዚያ ወዲህ 85 የሚለው ቁጥር እንደ ተፈጥሮ ሕግ ሲጠቀስ ይሰማል፤ ይህ ግን ስሕተት ነው። በኤርላንግ ቀመር መሠረት ብዙ አልጋ በአንድነት ያለው ሆስፒታል ከዚህ በላይ ሊሸከም ይችላል፤ 10 አልጋ ብቻ ያለው ክፍል ደግሞ ከዚህ በታች እያለ ይጨነቃል። አልጋን በየስፔሻሊቲው ከፋፍሎ ማጠር የሚያስከትለውም ጉዳት ይኸው ነው።

በ2003 ብሬንት አስፕሊንና ባልደረቦቹ የድንገተኛ ክፍልን መጨናነቅ በመግቢያ፥ በውስጥ ሥራና በመውጫ ከፍለው እንዲጠና ሐሳብ አቀረቡ። ከዚያ በኋላ የተደረጉት ጥናቶች ጣታቸውን ደጋግመው የቀሰሩት በመውጫው ላይ ነው። «ይተኛ» ተብሎ የተወሰነለት በሽተኛ አልጋ በማጣት በቃሬዛው ላይ ይቆያል፤ እርሱ የያዘው ቦታም ለሚቀጥለው አይለቀቅም። ቱቦው ከታች ከተዘጋ ከላይ የሚፈሰው ውሃ የት ይገባል?

ጉዳቱም ምቾት የማጣት ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ከ2016 እስከ 2018 ከድንገተኛ ክፍል ወደ አልጋ የተላኩ ከ5 ሚሊዮን በላይ በሽተኞችን መዝገብ የመረመረው በ2022 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፥ በሽተኛው ከደረሰ ከ5 ሰዓት በኋላ የሚጨመረው መዘግየት በ30 ቀን ውስጥ ከሚደርስ ሞት ጋር እየጨመረ ይያያዛል። አልጋ ለማግኘት ከ6 እስከ 8 ሰዓት በላይ በዘገዩ በየ82 በሽተኞች ላይ አንድ ተጨማሪ ሞት ተገኝቷል። በካናዳ ኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር የተደረገውና በ2011 የታተመው ደግሞ ይበልጥ ያስደነግጣል፤ ታክመው ወደ ቤታቸው የተመለሱ 14 ሚሊዮን ያህል ጉዳዮችን አይቶ፥ ክፍሉ በተጨናነቀበት ፈረቃ የታከሙት በሚቀጥሉት 7 ቀኖች የመሞታቸው ዕድል ከፍ ያለ ሆኖ አግኝቶታል። እነዚህ ጥናቶች በመዝገብ ላይ የተመሠረቱ በመሆናቸው ምክንያትንና ውጤትን ያለ ጥርጥር ያረጋግጣሉ አይባልም። ነገር ግን በተለያዩ አገሮች አንድ ዓይነት መልስ መገኘቱ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም።

ከቀረቡት መፍትሔዎች አከራካሪ የነበረው በኒው ዮርክ ግዛት የሚገኘው የስቶኒ ብሩክ ሆስፒታል ከ2001 ጀምሮ የተከተለው ነው። ድንገተኛው ክፍል ሲሞላ፥ አልጋ የሚጠብቁት በሽተኞች ወደየተኝቶ ሕክምናው ክፍል ኮሪደር ተከፋፍለው ይወሰዳሉ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ 20 ሰው በአንድ ኮሪደር ከሚከማች በ10 ኮሪደር ሁለት ሁለት ቢሆን ይሻላል፤ የፎቁም ሠራተኛ ችግሩን በዓይኑ ሲያይ የዳነውን ቶሎ ለማሰናበት ይተጋል። በ2009 የታተመው የ4 ዓመት ግምገማ በተዛወሩት ላይ ተጨማሪ ጉዳት አላገኘም። እርግጥ የሚመረጡት የተረጋጉት በሽተኞች ናቸው፤ ይህ ሳይታሰብ ዘዴውን መቅዳት አደገኛ ነው። የኦክሲጅን መስመርና የኤሌክትሪክ ሶኬት በሌለበት ኮሪደር የተቀመጠ ቃሬዛም አልጋ ሊባል አይችልም። ከዚህ የረጋው መንገድ በቦስተን ዩጂን ሊትቫክ የተከራከረለት ነው። ቀጠሮ ያለው ቀዶ ሕክምና በሳምንቱ ቀኖች ላይ በእኩል ቢደለደል፥ የአልጋው ፍላጎት ከፍና ዝቅ ማለቱ ይቀንሳል። የድንገተኛ በሽተኛ አመጣጥ በብዛት ሊገመት ሲችል፥ ሰው ራሱ የሚያወጣው የቀዶ ሕክምና ፕሮግራም ይበልጥ የሚዋዥቅ መሆኑ የሚያስገርም ነው።

እንግሊዝ ደግሞ በትእዛዝ ሞከረችው። በ2000 በወጣው ዕቅድ ማንም በሽተኛ ከ4 ሰዓት በላይ እንዳይቆይ ታሰበ፤ በ2004 ግቡ ከ100 በሽተኞች 98ቱ፥ በ2010 ደግሞ 95ቱ እንዲሆን ተወሰነ። 4 ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ከክፍሉ የሚወጣው ሰው በድንገት መብዛቱ በመዝገቡ ላይ ታየ፤ ይኸውም ሠራተኛው ከበሽታው ይልቅ ሰዓቱን ያክም እንደ ነበር ያስጠረጥራል። ሆኖም ጉዳዩን በሰፊው የመረመሩ የኢኮኖሚ ባለሙያዎች ሕጉ በነካቸው በሽተኞች ላይ ሞት እንደ ቀነሰ አግኝተዋል። ግቡ በአገር አቀፍ ደረጃ ለመጨረሻ ጊዜ የተሟላው በ2015 ሐምሌ ወር ነው። ትእዛዝ አልጋ አይወልድምና።

በኢትዮጵያ የድንገተኛ ሕክምና ራሱን የቻለ የስፔሻሊቲ ትምህርት ሆኖ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የተጀመረው በ2010 ሲሆን፥ የመጀመሪያዎቹ ምሩቃን በ2013 ወጥተዋል። በመሆኑም ምርምሩን የሚመራ ሐኪም አለ። የመሐንዲሱ ድርሻ የሚጀምረው ከልኬት ነው። የደረሰበት፥ የተለየበት፥ ሐኪም ያየበት፥ «ይተኛ» ወይም «ይሂድ» የተባለበትና ክፍሉን የለቀቀበት አምስት ሰዓት ለእያንዳንዱ በሽተኛ ቢመዘገብ፥ ወረፋው በየትኛው መገጣጠሚያ ላይ እንደሚታነቅ ይታወቃል። ከእነዚህ ጋር ድኖ ሳለ አልጋውን ያልለቀቀ በሽተኛ ምን እንደሚጠብቅ፥ ማለት የመሰናበቻ ወረቀት፥ የሒሳብ ክፍያ ወይም ወደ ክፍለ ሀገር የሚመልሰው መኪና እንደ ሆነ፥ መጠየቅ ይገባል።

እዚህ ላይ የውጭ መጻሕፍት የማያነሡት አንድ እንቅፋት አለ። ነርሷ የምትጽፈው በአገራችን ሰዓት ነው፤ የላቦራቶሪው መሣሪያ የሚያትመው ግን ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ቈጥሮ ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት የደረሰ በሽተኛ የደም ውጤቱ 3 ሰዓት ከ10 የሚል ማኅተም ይዞ ቢመጣ፥ የጠበቀው 1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ሆኖ ሳለ ያልጠረጠረ ተመራማሪ 19 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ብሎ ይመዘግባል። ቀኑም ይምታታል፤ ለነርሷ ገና የማክሰኞ ሌሊት ሲሆን ለመሣሪያው ረቡዕ ገብቷል። ስለዚህ ማናቸውም ጥናት ከመጀመሩ በፊት በቅጹ ራስ ላይ የትኛው ሰዓት እንደሚጻፍ መወሰንና መሣሪያዎቹን ከግድግዳው ሰዓት ጋር ማስተያየት ግዴታ ነው። ለመጀመሪያው ጥናት የሚያስፈልገውም አንድ የግድግዳ ሰዓት፥ አንድ ገጽ ቅጽና ለአራት ሳምንት ሌሊቱን ተፈራርቀው የሚቀመጡ ጥቂት ተማሪዎች ናቸው።