ካቻቢቴና ጆሮ፦ የሞተር ሳይክል ስፖክ ሲላላ

ያማሃ ዲቲ 125 በኢትዮጵያ ገጠር የመስክ ባለሙያዎችን ሲያመላልስ የኖረ ሞተር ሳይክል ነው። የፊት ጎማው 21፣ የኋላው 18 ኢንች ነው፤ ትልቁ የፊት ጎማ ድንጋይና ቦይ መሻገር ይቀለዋል። ዱላውን ሁሉ የሚቀበሉት ግን ቸርኬውን ከመሃሉ ሞዞ ጋር የሚያያይዙት ቀጫጭን ስፖኮች ናቸው።

ስፖክ ጥንካሬው ከውጥረቱ ነው። አንዱ ሲላላ ድርሻው ወደ ጎረቤቶቹ ይዞራል፤ እነሱም በተራቸው ይላላሉ ወይም ይበጠሳሉ። አዲስ ሞተር ደግሞ ይብሳል፤ ስፖኮቹ ገና ቦታቸውን እየያዙ ስለሆነ በመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች ቶሎ ይላላሉ።

ምርመራው ካቻቢቴና ጆሮ ብቻ ይበቃዋል። ጎማው ከመሬት ይነሳና ቀስ እየተባለ ሲዞር፣ እያንዳንዱ ስፖክ በካቻቢቴው ብረት መታ ይደረጋል። የተወጠረው እንደ ክራር ክር ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ የላላው ድፍን ያለ ድምፅ ያሰማል።

ችግሩ ማጥበቁ ላይ ነው፤ ብዙ ሰው ይቸኩላል። የስፖኩ ዳዶ በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር በላይ ባይዞር ይመረጣል። አንድ ወገን ብቻ ከጠበቀ ቸርኬው ይጣመማል። የዛገ ዳዶ ደግሞ ዘይት ሳይጠጣ ከተገደደ ጠርዙ ይላጣል፤ ያኔ ቁልፍም አይይዘው።

ጎማው ከመሬት እንደተነሳ የሞዞው ኩሽኔታም አይረሳ፤ ጎማው ከላይና ከታች ተይዞ ሲነቀነቅ ከተንገጫገጨ ኩሽኔታው መቀየር አለበት።

የተበጠሰ ስፖክ ከመነዳሪ ሊበሳ ይችላል። ነገ ረጅም መንገድ ያለባችሁ አድማጮች፣ ዛሬ ማታ ስፖኮቻችሁን አንድ በአንድ መታ መታ አድርጓቸው።