ፍላሹ ከፎቶ ኮፒ ቤት ሲመለስ

እሷ፦ ቆቃ ላይ ማመልከቻ ሊያሳትም ፎቶ ኮፒ ቤት የገባ ሰው፣ ቤቱ ሄዶ ፍላሹን ሲሰካ ፎልደሮቹ በሙሉ ሾርትከት ሆነው ይጠብቁታል። ፋይሉ ጠፋ ማለት ነው?

እሱ፦ ኧረ አልጠፋም፣ ቫይረሱ ደብቆት ነው። ሾርትከቱን ስትከፍቺው ነው ኮምፒውተርሽ ውስጥ ዘው የሚለው።

እሷ፦ ታዲያ የትኛውን አንቲቫይረስ እንግዛ?

እሱ፦ ከመግዛትሽ በፊት ያለሽን እወቂ። ዊንዶውስ 10 እና 11 ዲፌንደርን በነፃ ይዘው ነው የሚመጡት። ለቤት እኔ እሱ ይበቃል ባይ ነኝ። አፕዴት ካልተደረገ ግን ዋጋ የለውም።

እሷ፦ ዳታ ይበላል ብሎ አፕዴቱን የሚያጠፋው ብዙ ነው።

እሱ፦ ጉዱ እዚያ ላይ ነው! እ.ኤ.አ. ግንቦት 2017 ዋናክራይ የተባለው ጎጂ ፕሮግራም በ150 ያህል አገሮች ኮምፒውተር ሲቆልፍ፣ ማይክሮሶፍት ማስተካከያውን ካወጣ ሁለት ወር ሊሞላው ነበር።

እሷ፦ ክራክ የተደረገው አንቲቫይረስስ?

እሱ፦ ሲጭኑልሽ መጀመሪያ የሚሉሽ «ዲፌንደሩን አጥፊው» ነው። ዘበኛ አሰናብቶ በር መክፈት! እኔ በነፃው እሄዳለሁ።

እሷ፦ ዊንዶውስ 10 የምትጠቀሙ አድማጮች፣ መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ማሽናችሁ ከቻለ ወደ 11 አሳድጉት። የልጆቻችሁን ፎቶ ደግሞ እንዳይቆለፍባችሁ ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጡና ዲስኩን ነቅላችሁ አስቀምጡት።