ከስታንፎርድ እስከ እህል በረንዳ
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ከቀረበ ንግግር የተወሰደ)



በ1977 ዓ.ም. እብናት ረሃብ ያፈናቀለው ሕዝብ የተጠለለባት የእርዳታ ጣቢያ ነበረች። በዕድሜ የገፉ አባላት ያስታውሱታል፤ በዚያው ዓመት ሚያዝያ መጠለያው በግድ እንዲበተን መደረጉንም አይረሱትም። በዚያን ጊዜ ዶክተር እሌኒ ገብረመድህን ገና ወጣት ተማሪ ነበሩ። አዲስ አበባ ተወልደው፣ ልጅነታቸውን በልዩ ልዩ የአፍሪካ አገሮች አሳልፈው፣ አሜሪካ ውስጥ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚክስ ይማራሉ። ሰሜኑ ሲራብ በሌላው የአገሪቱ ክፍል ትርፍ እህል ነበር። ታዲያ እህሉ ለምን አልደረሰም? የሥራ ዘመናቸው ሁሉ ይህንን ጥያቄ የተከተለ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ለዶክትሬት ጥናታቸው ከአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተነስተው ወደ ኢትዮጵያ እህል ነጋዴዎችና ደላሎች መጡ። ያኔ ብዙ ሰው ደላላን የገበያ ጥገኛ አድርጎ ይመለከት ነበር፤ ዛሬም የሚያይ አለ። እሳቸው ግን ደላላው ለምን እንደሚያስፈልግ መረመሩ። ነጋዴው እህሉ ስንት ጠጠር እንዳለበት፣ ገዥው ገንዘቡን ይክፈል አይክፈል፣ ሌላ ቦታ ዋጋው ስንት እንደዋለ አያውቅም። ስለዚህ ከሚያውቀው ሰው ጋር ብቻ ይገበያያል፤ ወይም ለሚያምነው ደላላ ይሰጣል። ችግሩ የሰው ክፋት ብቻ ሳይሆን የደረጃ፣ የሚዛንና የመረጃ እጦት ነው። ይህ ጥናት እ.ኤ.አ. በ1998 ተጠናቀቀ፤ በአሜሪካ የግብርና ኢኮኖሚስቶች ማኅበርም ተሸለመ።

ከዚያ በኋላ በዓለም ባንክና በዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም ሠርተዋል። ኑሯቸው ዋሽንግተን፣ ሐሳባቸው እህል በረንዳ ነበር። በ1994 ዓ.ም. በቆሎ በጥሩ ምርት ምክንያት ዋጋው ወድቆ የማሳጨጃውን ወጪ እንኳ ሳይችል ቀረ፤ ገበሬ ማሳ ላይ የተወበት ቦታ ነበር። በ1995 ደግሞ ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ እርዳታ ጠባቂ ሆነ። ትርፍና ረሃብ በአንድ ዓመት ልዩነት! ዶክተር እሌኒ ወደ አገራቸው ተመልሰው መሥራት የጀመሩትም ከዚህ በኋላ ነው።

የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በእሳቸው መሪነት ሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። አሠራሩ ለኅብረት ሥራ አባል እንግዳ አይደለም። እህሉ መጋዘን ይገባል፤ ይመዘናል፤ ናሙና ተወስዶ ደረጃ ይወጣለታል፤ ባለቤቱ ደረሰኝ ይቀበላል። አዲስ አበባ ላይ የሚሸጠው ደረሰኙ እንጂ ጆንያው አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ገዥና ሻጭ ባለ ቀለም ጃኬት ለብሰው፣ ዋጋ ጮክ ብለው ጠርተው፣ ሲስማሙ መዳፍ ለመዳፍ ይማቱ ነበር። ክፍያው በማግሥቱ በባንክ ይገባል። ዱቤ ሰጥቶ ወር ሙሉ ነጋዴ ሲያሳድድ የኖረ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

ነገሩ ሁሉ የተሳካ ነበር ለማለት አይቻልም። የታሰበው ለእህል ሲሆን የእህሉ ግብይት ቀዝቃዛ ሆነ፤ ገበያውን ያቆመው ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ የገባው ቡና፣ ቀጥሎም ሰሊጥና ቦሎቄ ነው። ቡናው በአካባቢና በደረጃ ተደባልቆ ሲሸጥ የየትኛው ገበሬ እንደሆነ ማወቅ አልተቻለም ብለው የውጭ ገዥዎች አጉረመረሙ፤ ደንቡም ኋላ ተሻሻለ። የኅብረት ሥራ ዩኒየኖች ግን ቡናቸውን በቀጥታ ወደ ውጭ እንዲልኩ ከመጀመሪያውም በሕግ ተፈቅዶላቸዋል። ጤፍ በዚያ ግብይት የረባ ቦታ አላገኘም፤ ለእብናት ገበሬ ደግሞ ዋናው ጉዳይ ይኸው ነው። ሁለት ሦስት ኩንታል የያዘ ሰውም ብቻውን እዚያ አይደርስም።

ዶክተር እሌኒ በ2004 ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ ከኃላፊነታቸው ተነሱ፤ ከዚያም በስማቸው የተሰየመ ኩባንያ አቋቁመው በሌሎች የአፍሪካ አገሮች ምርት ገበያ የማደራጀት ሥራ ያዙ። በ2009 ዓ.ም. ደግሞ በግብርና ላይ ንግድ መጀመር ለሚፈልጉ ወጣቶች የሚያግዝ ብሉሙን የተባለ ድርጅት አዲስ አበባ ላይ ከፈቱ። ዲፕሎማ ይዛ ከተማ ለከተማ ሥራ የምትፈልግ የገበሬ ልጅ ይህን ብትሰማ አይከፋም።

ወደ መጋዘናችሁ እንመለስ። ጥር ላይ የማዳበሪያ ዕዳ ሲጠየቅ አባላት እህላቸውን በርካሽ ይሸጣሉ፤ ክረምት ሲገባ ያንኑ እህል በውድ ይገዛሉ። ዩኒየኑ እህሉን አቆይቶ ሲሸጥ ልዩነቱ ወደ ትርፍ ክፍፍል ይገባል፤ የሚገባው ግን ሚዛኑ ትክክል ሲሆን፣ እብቁና ጠጠሩ ሲለይ፣ የዕለቱ ዋጋ በመሠረታዊ ማኅበሩ ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ ነው። በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ አባላት ሦስት ነገር ቢጠይቁ ተገቢ ነው፦ ሚዛኑ ለመጨረሻ ጊዜ የተፈተሸው መቼ ነው? የእህሉን ናሙና ማን ያያል? ዋጋውስ በስንት ቀን ይለጠፋል?