ስለ ልጆቻችን ጭንቀትና በስልክ ስለሚሰጠው የምክር ሕክምና
(በነዋሪዎች ማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በማኅበሩ ጸሐፊ የተነበበ ንግግር)



 የቦዩና የጥበቃው ጉዳይ እንዳለ ሆኖ፣ ዛሬ በቅድሚያ የምናነሣው የልጆቻችንን ነገር ነው።

በመጀመሪያ ጥፋታችንን እንናገር። ባለፈው ክረምት አንድ አባት ወደ ቢሮአችን መጥተው «ልጄ ማታ ማታ ጓዳ ገብታ በስልክ ታንሾካሹካለች፤ ምን ባደርግ ይሻላል?» ብለው አማከሩን። እኛም ሳናጣራ «ስልኩን ይቀሟት» አልናቸው። ቀሟትም። በኋላ ሲታወቅ፣ ልጅቱ የምታነጋግረው የሥነ ልቦና ባለሙያ ኖሯል። ትምህርት ከጠላች፣ እንቅልፍ ካጣች ወራት ሆኗት ነበር። እናትየው ያውቃሉ፤ የደበቁት የሰው አፍ ፈርተው ነው። በእኛ ምክር ሕክምናው ሁለት ወር ተቋረጠ። ልጅቱ ዛሬ ደኅና ናት፤ ሕክምናውንም ቀጥላለች። ይህን የምንናገረው እሷም ወላጆቿም ፈቅደውልን ነው። እኛ ግን አጥፍተናል፤ ይቅርታም ጠይቀናል።

ከዚያ ወዲህ የሚያውቁትን ሰዎች እየጠየቅን የተረዳነውን እናካፍላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 19 ዓመት ከሆኑ ልጆች ከ7ቱ አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር አለበት። እንግዲህ ይህ የአንድ ቤት ጉድ አይደለም ማለት ነው።

በስልክ ወይም በቪዲዮ የሚሰጠው ሕክምና እንዲሁ ወሬ አይደለም። ባለሙያው ቀጠሮ ይዞ፣ ብዙውን ጊዜ በሳምንት አንድ ቀን፣ አንድ ሰዓት ለማይሞላ ጊዜ ልጁን ያነጋግራል። ልጁ ምን ሲያስብ እንደሚከፋው አብረው ይለያሉ። የቤት ሥራም አለ፤ ኳስ የተወ ልጅ ወደ ኳሱ እንዲመለስ፣ እንቅልፍ ያጣች ልጅ የመኝታ ሰዓቷን እንድታስተካክል ይታዘዛሉ። ኮሮና በ2012 ዓ.ም. ከመጣ በኋላ በየአገሩ ይህ አሠራር በጣም በዝቷል።

ይጠቅማል ወይ? ለሚለው አንድ ምሳሌ እንስጥ። በኒውዚላንድ ድባቴ ላለባቸው ልጆች «ስፓርክስ» የሚባል፣ በኮምፒዩተር ጨዋታ መልክ የተሠራ ትምህርት አዘጋጁ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2012 በታተመው ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 19 የሆኑ 187 ልጆች ተካፍለዋል። በጨዋታው የተረዱት፣ ባለሙያ ፊት ለፊት ካነጋገራቸው ያነሰ ውጤት አላገኙም። ይህ ግን ሕመማቸው ላልበረታ ልጆች ነው።

ልጆቻችን ስልኩን የሚመርጡበትን ምክንያት ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን። «አማኑኤል ገባ» የሚለውን ቃል መሳደቢያ ያደረግነው እኛ ነን። አማኑኤል ሆስፒታል ስንቱን አድኖ ወደ ቤቱ የመለሰ ቤት ነው። ልጁ ግን ከበሩ ላይ ጎረቤት እንዳያየው ይፈራል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እንዲደብቅ ያደረግነውስ ማን ሆነና?

ስልኩም ቢሆን ችግር አለው። ስድስት ሰው በሚያድርበት አንድ ክፍል ውስጥ ልጅ የልቡን እንዴት ይናገራል? ስለዚህ ማኅበራችን የሚከተለውን ወስኗል። የቢሮአችን የኋላ ክፍል ዘወትር ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ለወጣቶች ክፍት ይሆናል። ለጥናት የሚመጣም በስልክ ለመነጋገር የሚመጣም ተራ ይዞ ይገባል፤ ስም አይጻፍም፣ ለምን መጣህ ተብሎም አይጠየቅም።

ወላጆችን የምንለምናችሁ ይህን ነው።

አንደኛ፣ ስልክ ከመቀማታችሁ በፊት ጠይቁ። በቁጣ ሳይሆን አጠገባቸው ቁጭ ብላችሁ።

ሁለተኛ፣ የሚያነጋግራቸውን ሰው ማንነት እወቁ። ስሙን፣ የሙያ ፈቃዱን፣ የሚሠራበትን ቦታ ጠይቁ። እውነተኛ ባለሙያ በዚህ አይቆጣም፤ እንዲያውም መስመር ቢቋረጥ የሚደውልበትን የቤተሰብ ቁጥር ራሱ ይጠይቃል። ፎቶ ላኪልኝ፣ ለቤተሰብ እንዳትናገሪ የሚል ሰው ሐኪም አይደለም። እንደ ሰው የሚመልሰው ማሽንም ሐኪም አይደለም። ባለሙያው ግን የልጁን ምስጢር ሁሉ ይንገረን አትበሉ፤ ሕይወት አደጋ ላይ ካልወደቀ በቀር ምስጢር መጠበቅ ሥራው ነው።

ሦስተኛ፣ ልጁ ስለ መሞት ካወራ፣ ራሱን ከጎዳ፣ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ከሰማ፣ የስልክ ቀጠሮ አትጠብቁ። ብቻውን ሳትተዉ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይዛችሁ ሂዱ። የትራንስፖርት ቢቸግራችሁ በሌሊትም ቢሆን በራችንን አንኳኩ።

ጠበል የምትወስዱ ውሰዱ፣ ዱዓ የምታደርጉም አድርጉ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። የታዘዘ መድኃኒት ግን ሐኪሙ ሳይል አታስቁሙ።

የተከበራችሁ ነዋሪዎች፤ ሰው ሲሞትብን ድንኳን ለመትከል አንቀዳደምም ወይ? ልጆቻችን በሕይወት ሳሉ አንዲት ጸጥ ያለች ክፍል አንንፈጋቸው።



የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት