ባሮ ሽንኵርት በሪያድ ምድር ስለ ምን አይጸናም?

(በገዳሙ መቶኛ ዓመት መታሰቢያ በዓል የተሰጠ ንግግር)



የገዳም ታሪክ በሚነገርበት ጊዜ አስቀድሞ የሚነሣው ቤተ መቅደሱና መጻሕፍቱ ነው፤ የጓሮው አትክልት ግን በመጨረሻ ይታወሳል፥ ወይም ጨርሶ ይረሳል። ይሁን እንጂ የመነኰሳት አባት አባ እንጦንስ በበረሃው ተራራ በተቀመጠ ጊዜ፥ ቅዱስ አትናቴዎስ በጻፈው ገድሉ እንደ ተነገረው፥ አስቀድሞ ለእንጀራው እህል ዘራ፤ ኋላም እንግዶች እየበዙ በመጡ ጊዜ ከመንገድ ድካማቸው ይጽናኑበት ዘንድ ጥቂት አትክልት ተከለ። የዱር አራዊት ውኃ ሊጠጡ እየመጡ አትክልቱን ባበላሹበትም ጊዜ ምድሪቱን አልረገመም፤ የጥፋቱን ምክንያት አይቶ ከአራዊቱ አንዱን በቀስታ ይዞ ገሠጸ እንጂ። የዛሬውም ንግግር የሚመለከተው ይህንኑ ነገር ነው፤ ይኸውም አትክልት ሲጠፋ ከማማረር አስቀድሞ ምክንያቱን መመርመር ነው።

ለዚህ ምርመራ ምሳሌ እንዲሆን የተመረጠው ስፍራ የሳውዲ ዐረቢያ ዋና ከተማ ሪያድ ነው። ከኢትዮጵያ የወጡ ብዙ ሰዎች በዚያ ኖረዋል፤ ዛሬም እየሠሩ ይኖራሉ። ከከተማው በስተ ደቡብ ያለው መንፉሓ ጥንት በሐኒፋ ሸለቆ ዳር የነበረ፥ የተምር ዛፍ የከበበው፥ ራሱን የቻለ መንደር ነበረ፤ ኋላ ከተማው እየሰፋ ሲውጠው ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚቀመጡበት ሠፈር ሆነ። በ2006 ዓ.ም. በዚያ ሠፈር የተነሣው ሁከት፥ ከዚያም በኋላ ከመቶ ሺህ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ወደ አገራቸው መመለሳቸው ከብዙዎች ልብ አልጠፋም። እንዲህ ባለ ኑሮ ውስጥ ያለ ሰው በግቢው ጥግ ለጾም ወጡ የሚሆን ባሮ ሽንኵርት ቢተክል፥ ተክሉ እስኪደርስ አምስት ወይም ስድስት ወር ይጠብቃል። በሚመጣው ዓመት በዚያ ስፍራ ለመገኘቱ ዋስትና ለሌለው ሰው፥ አንድ ወራት በከንቱ ማለፉ ቀላል ነገር አይደለም። ተክሉም ሲጠወልግበት አንዳንዱ «ምድሪቱ የተረገመች ናት» ይላል፤ አንዳንዱም «እጄ አይባረክም» ብሎ መኮትኮቻውን ይጥላል። ነገሩ ግን ከሁለቱም አይደለም።

እንዲያውም ሪያድ የሚለው ስም በዐረብኛ «የአትክልት ስፍራዎች» ማለት ነው፤ ሸለቆው በሚያጠራቅመው ውኃ ጥንት አትክልት ይለማበት ስለ ነበረ ነው። ስለዚህ መጠየቅ የሚገባው «ምድሪቱ ታበቅላለችን?» ተብሎ አይደለም፤ «ምን ታበቅላለች፥ መቼስ ታበቅላለች?» ተብሎ ነው።

መጀመሪያ የሚመረመረው ዘሩ ነው። የሪያድ ሰዎች በየገበያው እያሰሩ የሚሸጡትና ከምግብ ጋር ቅጠሉን በጥሬው የሚበሉት አትክልት «ኩራስ» ይባላል። ይህ ስም ለሊቃውንት እንግዳ አይደለም፤ በኦሪት ዘኍልቍ በምዕራፍ 11 ቍጥር 5 እስራኤል በምድረ በዳ ሳሉ ከናፈቋቸው የግብፅ ምግቦች መካከል በአማርኛው መጽሐፍ «ኵራት» ተብሎ የተጻፈው ስም የዚሁ ወገን ነው። በዕብራይስጡ በዚያ ስፍራ የተጻፈው ቃል በሌላ ስፍራ ሣር ተብሎ ይተረጐማል፤ የኵራትም ጠባይ ሣር ይመስላል፤ ቅጠሉ ቀጭን ነው፤ ሲያጭዱት ዳግመኛ ያቈጠቍጣል፤ ግንዱ ግን አይወፍርም። እንግዲህ ከዚያ ገበያ የኩራስ ዘር ገዝቶ የዘራ ሰው፥ እንደ ክንድ የወፈረ ነጭ ግንድ ቢጠብቅ በከንቱ ይጠብቃል። ተክሉ አልታመመም፤ ሌላ ተክል ነው። ዘሩ ትክክለኛ በሆነም ጊዜ ዕድሜውን መጠየቅ ይገባል፤ የሽንኵርት ወገን ዘር ከሌሎች አትክልቶች ዘር ይልቅ ፈጥኖ ይደክማልና። ሁለት ዓመት ያለፈው ወይም በሙቅ ክፍል የተቀመጠ ዘር ቢዘሩት ጥቂቱ ብቻ ይበቅላል።

ሁለተኛው ወራት ነው፤ ብዙው ጥፋት የሚመጣውም ከዚህ ነው። ከደጋ የወጣ ሰው የአገሩን ወራት በልቡ ይዞ ይሄዳል። በሸዋ ሰኔ የዝናምና የዘር ወር ነው፤ በሪያድ ግን ሰኔ የእሳት ወር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,355 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስትቀመጥ፥ ሪያድ 600 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ በሐምሌና በነሐሴ የቀኑ ሙቀት በአማካይ ከ43 ዲግሪ ይበልጣል። ባሮ ሽንኵርት ግን የሚስማማው 20 ዲግሪ ገደማ የሆነ አየር ነው፤ አፈሩ እጅግ ሲግል ዘሩ አይበቅልም፥ የበቀለውም ቡቃያ ይቃጠላል። ስለዚህ በሪያድ ዘሩ በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት በጥላ ሥር ባለ መደብ ላይ ይዘራል፤ ችግኙ እርሳስ ያህል ሲወፍር በኅዳርና በታኅሣሥ ወደ ዋናው መደብ ይዛወራል፤ በመጋቢትና በሚያዝያ፥ በጋው ሳይከፋ፥ ይነቀላል። ከዚህ ወራት በዘገየ መጠን ተክሉ ሳይወፍር ሙቀት ይደርስበታል።

ወራቱም ቢጠበቅ አንድ ነገር ያሳስታል። በጥር የሪያድ ሌሊት ወደ 9 ዲግሪ ይወርዳል። ችግኙ አስቀድሞ ወፍሮ ከዚያ ወዲያ ለብዙ ሳምንታት ቅዝቃዜ ቢያገኘው፥ ክረምት ያለፈ መስሎት በጸደይ አበባ ያወጣል፤ በመካከሉም እንደ እንጨት የደረቀ አገዳ ይበቅላል። ይህ በሽታ አይደለም፤ እጅግ ቀድሞ የመዝራት ፍሬ ነው። አገዳው ብቅ ሲል ወዲያው ነቅሎ መብላት እንጂ ይለዝባል ብሎ መጠበቅ አይጠቅምም።

ሦስተኛው ውኃ ነው። በሪያድ የሚዘንበው ዝናም በዓመት 100 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ስለ ሆነ፥ አትክልት ሁሉ የሚኖረው ሰው በሚያጠጣው ውኃ ነው። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ከ1,000 ሜትር የሚበልጥ ጥልቀት ያላቸው ጕድጓዶች ተቈፈሩ፤ ከ1980ዎቹ መጀመሪያም አንሥቶ ጨው የወጣለት የባሕር ውኃ ከጁበይል ከ400 ኪሎ ሜትር በሚርቅ መንገድ በቧንቧ ይመጣ ጀመር። የጕድጓድ ውኃ ብዙ ጊዜ ጨዋማ ነው፤ የቧንቧውም ቢሆን ጥቂት ጨው አያጣም። ፀሓይ ውኃውን ትወስዳለች፥ ጨውን ግን ትታለች።

በዚህ ነገር አትክልተኛውን የሚያሳስተው የጎረቤቱ ተምር ነው፤ «ያው ውኃ ተምሩን ሲያለመልም የእኔን ተክል ስለ ምን ያደርቃል?» ይላል። መልሱ በልኬት የታወቀ ነው። የአፈር ጨው በሚለካበት በዴሲሲመንስ ልክ፥ የገብስ ምርት መቀነስ የሚጀምረው 8 ሲደርስ ነው፤ የተምር 4 ሲደርስ ነው፤ የሽንኵርት ግን ገና 1.2 ሲደርስ ነው። ባሮ ሽንኵርትም የሽንኵርት ወገን ነውና ጨው አይችልም። ምልክቱም ይህ ነው፤ በአፈሩ ላይ ነጭ ቅርፊት ይታያል፤ ቅጠሉም ከጫፉ ጀምሮ እየደረቀ ወደ ታች ይወርዳል። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት መርጨት ጨውን ከላይ ያከማቸዋል። መድኀኒቱ ውኃው ዘልቆ የሚወርድበት መደብ ማዘጋጀት፥ በየጊዜውም በርከት ያለ ውኃ ሰጥቶ ጨውን ከሥሩ በታች ማውረድ ነው፤ ከዚያም አፈሩን በገለባ መሸፈን። ሥሩ ጥልቅ ስላልሆነም መደቡ ጨርሶ መድረቅ የለበትም። ከሸለቆ የሚወርድ ያልተጣራ ፍሳሽ ግን ቅጠሉ በጥሬው ለሚበላ አትክልት ፈጽሞ አይገባም።

አራተኛው አፈሩ ነው። የዚያ አገር አፈር አሸዋማና ኖራ የበዛበት ስለ ሆነ፥ ብረትና ዚንክ በውስጡ ቢኖርም ኖራው አስሮ ስለሚይዘው ሥሩ ሊወስደው አይችልም። አዲሱ ቅጠል በመሥመር በመሥመር ሲገረጣ የብረት እጦት ነው፤ አስቀድሞ አሮጌው ቅጠል ሲገረጣ ግን የናይትሮጅን እጦት ነው። ይህን ሳይለዩ ማዳበሪያ ማብዛት በጨው ላይ ጨው መጨመር ነው። የሚበጀው በደንብ የበሰለ ብስባሽ ነው፤ ትኩስ ፍግ ግን ሥርን ያቃጥላል። ግንዱ አጭርና አረንጓዴ ሆኖ ቢቀርም አፈሩ አልበደለም፤ ችግኙን 15 ሴንቲ ሜትር ያህል በሚጠልቅ ቀዳዳ ማስገባት፥ እያደገም ሲሄድ አፈር ማስታቀፍ የአትክልተኛው ሥራ ነው። ብርሃን ያልደረሰበት ግንድ ብቻ ይነጣል።

በመጨረሻ የሚመረመረው ተባይና በሽታ ነው። በቅጠሉ ላይ እንደ ብር የሚያበራ ጭረት ቢታይ፥ በቅጠሎቹ መገናኛ ውስጥ ተደብቆ የሚመጥ፥ ከአንድ ሚሊ ሜትር ብዙ የማይበልጥ ትሪፕስ የሚባል ነፍሳት አለ፤ ሙቀትና ድርቀት ያበዛዋል። በየመገናኛው ውኃ በኀይል መርጨትና አረም ማጥፋት ይቀንሰዋል፤ ልጆች በጥሬው በሚበሉት ቅጠል ላይ ግን መርዝ በግምት መርጨት ከተባዩ የሚከፋ ጥፋት ነው። ሥሩ ሲነቀል ሐምራዊ ቀይ ሆኖ ቢገኝ በሞቀ አፈር የሚበረታ ሻጋታ ነው፤ መደቡን ለዓመታት ለሌላ አትክልት መተው ይገባል።

የምርመራው ሥርዓት እንግዲህ ይህ ነው፤ ዘር፥ ወራት፥ ውኃ፥ አፈር፥ ከዚያ በኋላ በሽታ። ብዙ ሰው ግን ከመጨረሻው ይጀምራል፤ መርዝ ይገዛል፥ ማዳበሪያ ይጨምራል፥ የዘራበትን ወር ግን አይጠይቅም። አንድ የታመመ ተክል ከነሥሩ ነቅሎ፥ ታጥቦ በብርሃን ማየት ከብዙ ግምት ይሻላል።

ይህም ለሪያድ ብቻ የተነገረ አይደለም። በኢትዮጵያ ደጋ ባለው የገዳም ጓሮ ሥርዓቱ ያው ሆኖ መልሱ ይለወጣል። በዚያ ጨው አያስፈራም፤ የሚያስፈራው ከ10 እስከ 20 ዲግሪ ባለው ቀዝቃዛ አፈር የሚበረታው፥ የግንዱን ሥር ነጭ ሻጋታ አልብሶ የሚያበሰብሰው በሽታ ነው፤ እርሱ አንድ ጊዜ የገባበት አፈር እስከ 20 ዓመት ድረስ ዘሩን ይዞ ይኖራል። ስለዚህ ከታመመ መደብ ችግኝም ሆነ በመኮትኮቻ ላይ የቀረ ጭቃ ወደ ጤነኛው መደብ ማሻገር አይገባም።

ይህ ማኅበር መቶ ዓመት የቆመው የወደቀውን ሁሉ እየመረመረ ስላነሣ ነው። ጓሮውም ከዚህ የተለየ አይደለም። በሩቅ አገር በግቢው ጥግ ለጾም ወጡ ችግኝ የሚተክለው ወንድም፥ ተክሉ በጠፋበት ጊዜ ራሱንም ምድሪቱንም ሳይወቅስ ተንበርክኮ ሥሩን ቢያይ፥ በሚመጣው ጥቅምት እንደ ገና ለመዝራት ተስፋ ያገኛል። ያን ወራት በሰላም ለማየት እግዚአብሔር ሁሉንም ያብቃ፤ አሜን።