አትክልቱ በየዐርቡ፣ ብሩ በወር መጨረሻ

(በማህበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

የሒሳብ ሠራተኛ ስለ ድንችና ጎመን ምን አገባት የምትሉ አትጠፉም። ባለፈው ስብሰባ ሊቀመንበራችን፣ መሥሪያ ቤቶች ለሠራተኞቻቸው አትክልት በቀጥታ ከገበሬ ሲያስመጡ ማህበራችን መሐል ገብቶ ያቅርብ የሚለውን ሐሳብ ስታነሣ ሁላችንም አጨበጨብን። እኔም አጨብጭቤያለሁ። ማታ ቤቴ ስገባ ግን አንድ የቆየ ነገር ትዝ አለኝ።

ቀደም ሲል እሠራበት በነበረ መሥሪያ ቤት ይህንኑ ሞክረነው ነበር። ለበዓል ጤፍና ዘይት በደመወዝ ተቆራጭ ማምጣት የለመደ የሠራተኞች ኮሚቴ ነበረን፤ እሱው ሆለታ አካባቢ ከሚያመርቱ ሴቶች ጋር ተስማማ። በየሁለት ሳምንቱ ዐርብ ድንች፣ ካሮት፣ ጥቅል ጎመንና የሐበሻ ጎመን በዳማስ ተጭኖ ግቢያችን ይገባል። ሆለታ ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ጠዋት የተቆረጠ ጎመን ከሰዓት በኋላ እጃችን ላይ ነው። አትክልት ተራ በ2012 ከፒያሳ ተነሥቶ ወደ ጃንሜዳ፣ ኋላም ወደ ኃይሌ ጋርመንት ከሄደ ወዲህ እኔ የምገዛው ከሰፈር ጉሊት፣ ስንት እጅ ያለፈውን ነበር። ስለዚህ ያን ጎመን ሳይ ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ብሩ ግን የሚቆረጠው በወሩ መጨረሻ ነው። በወሩ የመጀመሪያ ሳምንት የመጣ ድንች ሂሳቡ ሦስት አራት ሳምንት ይጠብቃል ማለት ነው። ከተቆረጠ በኋላም ሰነድ ይዘጋጃል፣ ቼክ ይጻፋል፣ ሁለት ፊርማ ያስፈልጋል። በሁለተኛው ወር አንደኛው ፈራሚ ለመስክ ሥራ ወጡና ቼኩ 11 ቀን ጠረጴዛ ላይ አደረ። የማን ጠረጴዛ? የእኔ። ሌላ ፈራሚ ይወከል ብዬ ማመልከት እችል ነበር፤ አላመለከትኩም። መዝገቤ ላይ «ተከፋይ ሒሳብ» የምትል አንዲት መስመር ነበረች፣ ድምሩም ልክ ነበር፣ ተኛሁ።

በሦስተኛው ወር ዳማሱ ቀረ። ሴቶቹን ወክለው ይመጡ ለነበሩት እናት ደወልኩላቸው። «ልጄ፣ ደላላው ዋጋ እንደሚሰብርብኝ አጥቼው አይደለም» አሉኝ፤ «ግን ብሩን እማሳዬ ላይ ቆጥሮ ይሰጠኛል። የእናንተን ስጠብቅ የማዳበሪያዬን ዕዳ ማን ይጠብቅልኛል?» ቢሮ ውስጥ የተወራው ግን «ገበሬ ቃሉን አያከብርም» ተብሎ ነው። እኔም ሰምቼ ዝም አልኩ።

እንግዲህ ሥራውን ስንጀምር ሴቶቹ በዕለቱ ካልተከፈላቸው አንጀምር ነው የምለው። ለስሌት ያህል 40 ሠራተኛ ያዘዘበት አንድ መሥሪያ ቤት እንውሰድ። አንድ ዘንቢል 400 ብር ቢሆን 290ው ለገበሬዎቹ፣ 75ቱ ለዳማሱ፣ 25ቱ መርጠውና መዝነው ለሚያሽጉ አባሎቻችን፣ 10ሩ ለብልሽት መጠባበቂያ ይሁን። የአንድ ዐርብ ሽያጭ 16,000 ብር ነው፤ ከዚህ ውስጥ በዕለቱ ከእጃችን መውጣት ያለበት የገበሬዎቹና የመኪናው 14,600 ብር ነው። በወር ሁለት ጊዜ ከሆነ 29,200። ይህን ያህል የቁጠባ ገንዘባችን ደመወዝ እስኪወጣ ውጭ ያድራል። ዋጋው በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ ቁጥሩን አትያዙት፤ ብሩ ከማን ኪስ እንደሚወጣ ግን ያዙት።

ዘንቢሉ ከስድስት ኪሎ አይብለጥ። ሠራተኛው የሚሄደው በሚኒባስ ታክሲ ነው፤ ረዳቱ ለዕቃሽም ክፈይ ካላት በሚቀጥለው ዐርብ አታዝም። ድንቹና ካሮቱ እማሳው ላይ ይመዘን። የሐበሻ ጎመን ግን በኪሎ አይሁን፤ መንገድ ላይ ውኃው ስለሚቀንስ የጎደለው ኪሎ የማን ነው በሚል ጭቅጭቅ ያመጣል። በእስር ይቆጠር። ቲማቲምና ሽንኩርት በብዛት የሚመጡት ከባቱ በኩል ስለሆነ ሌላ መኪና፣ ሌላ ሒሳብ ነው፤ ለጊዜው ትቼዋለሁ።

ቁጠባችንን ሁልጊዜ ውጭ ማሳደር ያስፈራል፤ እኔንም ያስፈራኛል። መውጫው ተቆራጩን አንድ ወር ወደፊት ማምጣት ነው። በጥቅምት መጨረሻ የተቆረጠው የኅዳርን ዘንቢል ይክፈል። ሠራተኛው በወር የሚያወጣው ያው 800 ብር ነው፣ ቀኑ ብቻ ነው የተለወጠው። «ያላየሁትን ጎመን አልከፍልም» የሚል ይኖራል። ዕቁብ የምንጥለው ግን ሳናይ አይደለም እንዴ? ጃፓን ውስጥ በ1970ዎቹ በፈረንጆች የቤት እመቤቶች ተሰባስበው በቀጥታ ከገበሬ መግዛት ጀምረዋል፤ አሜሪካም ከ1986 ወዲህ የእርሻውን ወጪ በዘመኑ መጀመሪያ አስቀድመው የሚከፍሉ ሸማቾች አሉ። የእኛ ሠራተኛ የዓመት መክፈል አይችልም፣ የወር ግን ይችላል። ስለዚህ ከቁጠባችን የምንጠይቀው የመጀመሪያውን ወር 29,200 ብር ብቻ ነው፤ እሱም ከመሥሪያ ቤቱ ጋር በጽሑፍ ውል፣ ደመወዝ በወጣ በሦስተኛው ቀን እንዲመለስ። ውል ካልፈረሙ ሌላ መሥሪያ ቤት እንፈልግ።

ስሌቱን በሁለት ገጽ ጽፌ ይዣለሁ፣ እየተቀባበላችሁ እዩት፤ ስሕተት ካገኛችሁበት አሁኑኑ ንገሩኝ። ለእኚያ እናት ትናንት ደውዬላቸው ነበር። መጀመሪያ ድምፄን አላወቁትም። ስነግራቸው ትንሽ ዝም አሉና «ድንቹ ሲነቀል እደውልልሻለሁ» አሉኝ፤ «ብሩን ግን ጎመኑ ከመኪናው ሳይወርድ በቴሌብር ትልኪያለሽ።» እሺ ብያለሁ።